ከእናቴ ራስጌ ያለው ግድግዳ

ሰፈራችን ውስጥ አሁን በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። «መብራት ቆራጩ» ነው የሚሉኝ። ልጆቹም ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተው እንደዚያው ይላሉ። ይበሉ። መስመሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ነገ መልሰው ቢቀጥሉት መልሼ እቆርጠዋለሁ። ይህን የምጽፈውም አፉ በሉኝ ለማለት አይደለም። ሌላው ሁሉ በየገበያው የራሱን ሲያወራ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ጎብዬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ነው። አባቴ የሠራው የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ። የጓሮው ግድግዳ በዝናብ እየተሸረሸረ ቢያስቸግረው አባቴ ከውጭ ቆርቆሮ መታበት። የመብራቱ ሽቦ የገባው በዚያ በኩል ነው። ከቆጣሪው ተነሥቶ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያልፋል፣ ጭቃው ውስጥ ይገባል፣ ከእናቴ አልጋ ራስጌ ይወጣና ወደ ጣራው ይሄዳል። እናቴ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ካላነሣናት አትነሣም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አባቴ በሕይወት ሳለ የውሃ አባት ነበር። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እኛ ዘንድ ማሽላውን የሚያበቅለው ማሳው ላይ የሚወርደው ዝናብ አይደለም፤ እሱማ ምኑ ይወራል። ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ወደኛ ሲወርድ በእንጨትና በአፈር ጠልፈን ወደ ማሳችን እንመልሰዋለን። ጠለፋ እንለዋለን። ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚከተል የሚለየው የውሃ አባት ነው። የላይኛው ሰው ጠግቦ ለታችኛው ካልለቀቀ እኛ ዘንድ እንደ ሰው አይቆጠርም፤ ሠርግ ቢደግስ የሚበላለት አያገኝም።

መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ውስጥ መጀመሪያ ቆጣሪ ያስገባው አባቴ ነበር፤ ፖሉ የቆመው ከኛ አጥር ጥግ ነው። ብዙም ሳይቆይ የቀኝ ጎረቤታችን መጣና «አንድ አምፖል ብቻ፣ ለልጆቹ» አለው። አባቴ የሚያውቀውን አደረገ፤ መብራቱን እንደ ጠለፋ ለቀቀው። ከኛ ለሱ፣ ከሱ ለቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ለታችኛው። ሽቦው በባላ እየተደገፈ፣ ደጃችን ያለው የቁርቁራ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እየተንጠለጠለ ሰፈሩን አዳረሰ። አባቴ ሲመሽ ደጅ ይወጣና መስኮቶቹን እያየ «ደረሰ» ይል ነበር፤ ጎርፉ የመጨረሻው ማሳ ሲገባ እንደሚለው። ክፋት አልነበረበትም። ያላወቀው ነገር ነበር እንጂ። ጎርፍ ሲከፋፈል ይደክማል። መብራት ግን ታች ያለው ሰውዬ የሚስበው ሁሉ የሚያልፈው በላይኛው ሽቦ ነው። ቦይ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ጎኑን ጥሶ ይወጣል፤ ቢበዛ የሰው ማሽላ ቢያበላሽ ነው። ሽቦ ግን መጣሻ የለውም፤ እዚያው ይግላል። የሚግልበት ቦታ ደግሞ እናቴ ራስጌ ነው።

አባቴ ሲሞት ቤቱም ቆጣሪውም ሽቦውም ለኔ ቀረ። «አንድ አምፖል» የተባለው ቴሌቪዥን ሆነ፤ ቴሌቪዥኑ ፍሪጅ፣ ፍሪጁ ምድጃ ወለደ። በመጨረሻ የቅሬያችን ዳኛ ለአማቹ የብየዳ ቤት ከፈተለት። ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች ለሞት የምንሰባሰብበት ነው። መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው እሱ ነው። የቅሬ ዳኛን የሚያስቀይም ሰው በሬሳው እየቀለደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዳኛው ብየዳውን በኛ መስመር ላይ ሲሰካ ማንም ትንፍሽ አላለም። አማቹ ብረት መበየድ ሲጀምር የኛ አምፖል እንደ እንቅልፋም ዓይን ይከደናል፤ ሲያቆም ይገለጣል።

ብሬከሩ ያኔ በየጊዜው እየወረደ አስቸገረ። ብሬከር ማለት ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲጫንበት መብራቱን ራሱ የሚያጠፋው ነው። በወረደ ቁጥር ታች ያሉት ይመጡና በሩ ላይ ቆመው «ኧረ መብራቱን አንሡልን» እያሉ ይጮኻሉ፤ ቤት ያለችው እናቴ ብቻ መሆኗን፣ መነሣት እንደማትችልም እያወቁ። አንድ ቀን እኔ ማሳ ውዬ ስመለስ የዳኛው አማች ብሬከሩን ትቶ በመዳብ ሽቦ ወዲያና ወዲህ አገናኝቶታል። «ገላገልኩህ አያ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወርዶ አያውቅም። ሰፈሩም መረቀው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ለጠለፋው አካፋ ያዥ ስለፈለገ ትምህርት ቤት አልላከኝም፤ ይህን እስካሁን አልረሳሁለትም። የጎልማሶች ትምህርት ሲጀመር ጢማችን የሸበተ ወንዶች በሕፃናት ወንበር ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ተቀመጥን። ማንበብ ስጀምር የተጻፈ ነገር ሁሉ ይጠራኝ ጀመር፤ የጆንያው፣ የመድኃኒቱ፣ የአይሱዙው በር ላይ ያለው ሁሉ። አንድ ጧት ቆጣሪው ሣጥን ላይ ያለውን አነበብኩት። «አደገኛ ነው፣ አትንኩ» ይላል። እኔ ያን ያህል ዘመን ባርኔጣዬን ስሰቅልበት ነው የኖርኩት። ዳኛው ግን በልጅነቱ የተማረ ሰው ነው፤ ከኔ በፊት አንብቦታል።

ባለቤቴ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ የሽቦ ነው፤ አንድ ጫፉ ከዚያ ከጓሮው ቆርቆሮ ላይ ታስሯል። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ካፊያ አባርቶ፣ እርጥብ አንሶላ ልትሰቅል ስትነካው ነዘራትና ከነአንሶላው ወደቀች። ጎረቤቶቿ መጥተው አነሷት።

«ጂን ነው እኮ እቴ» አለቻት አንዷ። «እዚያ ቁርቁራ ሥር ሁልጊዜም አለ። ሼሁን ጥሪና ቁርኣን ይቅሩበት።»

«ሼህ ምን ያደርግላታል፤ ኮንጎ ጫማ ታድርግ» አለች ሌላዋ። «እኔ ፍሪጄን ያለ ኮንጎ ነክቼው አላውቅም።»

ባለቤቴ ኮንጎ ጫማ ገዛችና ጓሮ በር ላይ አስቀመጠችው። ልብስ ልታሰጣ ስትል ትጫማለች፣ ስትጨርስ ታወልቃለች። በየቤቱ እንደዚያ ነበር፤ በየፍሪጁ አጠገብ አንድ ጥንድ ኮንጎ።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር በጫማ አይመለስም» አልኳት።

«እስክትመልሰው ድረስ እግሩ የኔ ነው» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ አቃጠለኝ» አለች።

«ቆላ ነው እማ። ዛሬ ነው እንዴ የሚሞቅሽ?»

«የፀሐይን ሙቀት ላጣው ነው እንዴ? ይሄ ሌላ ነው። እንደ ከብት ሆድ ነው። አንዳንዴም ይተነፍሳል።»

መዳፌን አስጠጋሁ። እውነቷን ነበር። ጭቃው ከውስጥ ይግላል፤ የተቃጠለ ላስቲክም ይሸታል። ታች አማቹ ብረቱን ይበይዳል። ሲያቆም መዳፌ ሥር ያለው ሙቀት ቀስ እያለ ረገበ፤ ሲጀምር ተመለሰ። እናቴ ይተነፍሳል ያለችው ይህንን ነው። ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁት፤ ደረቅ ጆንያ። ከጆንያው በታች እናቴ። አልጋዋን ወደ ማዶው ግድግዳ ጎተትኩት፤ ግን ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ኮርኒሱም አንድ፣ በሩም አንድ።

በማግስቱ ከቆቦ አንድ ኤሌክትሪሺያን በባጃጅ ይዤ መጣሁ። ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደወተፈ ቆጣሪውን አየ፣ ከቁርቁራው ላይ ወደየቤቱ የሚሄደውን ሽቦ አየ።

«ይሄ ቤት ነው ትራንስፎርመር?» አለኝ።

ግድግዳውን በካቻቢቴ ፋቅ አደረገው። የሽቦው ጎማ ጠቁሮ እንደ አሮጌ ቁርበት እየተፈረፈረ ወደቀ። ቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ጎማው ጨርሶ ተበልቶ መዳቡ ብረቱን ይነካል። የባለቤቴ ጂን እሱ ነበር።

«አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ብሬከር፣ የመሬት ገመድ» አለ። «ግን ይሄ የሸረሪት ድር ሳይነሣ እጄን አላስገባም።»

«ጎረቤት ነው እኮ።»

«ጎረቤትህን እኔ ምን ላድርገው? ወፍራም ሽቦ ዘርጋልኝ ካልከኝ እዘረጋልሃለሁ። ታች ያሉት ሲበዙ እሱም ይግላል። ቀኑን ትገፋዋለህ እንጂ አታመልጠውም።» ባጃጁ ውስጥ ገባና ሄደ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። ፖሉ ቅርብ ነው፣ ሁላችሁም በየራሳችሁ ቆጣሪ አስገቡ፣ ቢሮው ድረስ አብሬያችሁ እመላለሳለሁ አልኳቸው። አንዱ «እናያለን» አለኝ። አንዱ ሒሳብ ጨምር ለማለት የመጣሁ መስሎት ስለ ኑሮ ውድነት ያወራልኝ ጀመር። ሁለቱ ሳቁብኝ። ዳኛው ግን አልሳቀም። «ዓርብ ከስግደት በኋላ ቁርቁራው ሥር እንገናኝ» ብቻ አለ።

እናቴ ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷት ቆየችኝ።

«አትቁረጥ» አለች።

«ግድግዳውን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ያሳየሁህ እንድታበርደው ነው፤ ከሰው እንድትለየኝ አይደለም። እኔ እሳት አልፈራም። የምፈራው ሬሳዬ የሚያነሣው አጥቶ ቤት ሲውል ነው።»

«እሳት ከበላሽ የሚነሣ ሬሳም የለሽ።»

«አፍህ እንደ አባትህ አይደለም» አለችኝ። አይደለም። አባቴ ሰው እንዲወደው ይፈልግ ነበር።

ዓርብ ቁርቁራው ሥር ቅሬው ሞልቶ ጠበቀኝ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ዳኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከራሳችን በላይ ያ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«አባትህ የሰጠንን ልትነሣን ነው የሚባለው፣ እውነት ነው?» አለኝ ዳኛው።

«እውነት ነው አያ።»

«ምን በደልንህ?»

«አልበደላችሁኝም። ሽቦው አልቻላችሁም።»

ከኋላ አንዱ «ፊደል ከቆጠረ ወዲህ ጎረቤት አነሰበት» አለ፤ ሳቁ።

«ፊደሉን ተወው» አልኩት። ወደ ዳኛው ዞሬ፣ «ቤቱ ይኸው፣ ከዚህ ይታያል። ይምጡና እጅዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ» አልኩት።

«እኔ ግድግዳ ልዳብስ አልመጣሁም።»

«እንግዲያው ሌላ ልበል። እናቴን ዛሬ እኅቴ ቤት ወስጄ አሳድራታለሁ። ከናንተ አንድ ሰው እሷ አልጋ ላይ ይተኛ፤ በሩ ይዘጋ፤ እግሩም እንደሷ ይታሰር። አማችዎ እንደልቡ ይበይድ። ያ ሰው ጧት ደህና ካደረ ሽቦውን ላልነካው ወላሂ።»

የቀኝ ጎረቤታችን፣ ያ አንድ አምፖል ብሎ የመጣው፣ «እኔ አስም አለብኝ» አለ። «አንተን ማን ጠራህ? አስምህን ይዘህ ቁጭ በል» አለው አጠገቡ ያለው። እንደገና ሳቁ። ዳኛው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ጣቱን አነሣ።

«ከቆረጥክ ቅሬው አያውቅህም። አንተንም፣ ሚስትህንም።» ጣቱን ወደ ቤታችን አዞረ። «እናትህንም።»

እናትህንም ሲል ሌላው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እንደከበዳቸው አይቻለሁ። አንድም ሰው ግን «ይሄማ አይሆንም» አላለም። ይህንንም አልረሳም።

«ከነነፍሷ ስትቃጠል ግድ የሌለው ቅሬ ሬሳዋን ተሸክሞ የት ሊያደርሳት ነው?» አልኩና ተነሣሁ።

ከመብራት ቢሮ ሰው መጥቶ መስመራችንን ከፖሉ ላይ ፈታልን። ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ይዞ ተመለሰ። ወደ ጎረቤት የሚሄደው ሽቦ ጋ ሲደርስ ግን ወረደና ፒንሳውን ዘረጋልኝ።

«ይሄን አንተ ቁረጠው» አለኝ። «እኔ ነገ እዚህ ሰፈር ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።»

ወጣሁ። ሴቶቹ በየአጥራቸው ላይ፣ ወንዶቹ መንገዱ ላይ ቆመው ያዩኛል። ቆረጥኩት። ሽቦው ከቅርንጫፉ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ አቧራው ላይ ተጠቀለለ። ልቤን እንዳልከበደኝ ቢገባችሁ ደስ ይለኛል። መሰላሉ ላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ያን የመዳብ ሽቦ ከብሬከሩ ላይ በእጄ መቼ እንደምነቅለው።

ኮርኒሱንም በዚያው ቀን አፈረስኩት። ጆንያው ውስጥ የአይጥ ጎጆና የስንት ዘመን አቧራ ነበር። አዲሱ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ በግልጽ እንዲሄድ አደረግን፤ ቢግል ላየው፣ ብነካው ላውቀው። ቆርቆሮውን ሽቦው ከሚገባበት ቆርጠን አራቅነው። ከዚያ የሾለከውን መብራት ወደ አፈር ለሚያወርደው ለመሬት ገመዱ ጉድጓድ ቆፈርን። አፈራችን ደረቅ ስለሆነ መብራት አይቀበልም፤ ስለዚህ ብረቱን ከቀበርን በኋላ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞልተን ውሃ አጠጣነው። እናቴ በተከፈተው በር እያየች «ምን ልትቀብር ነው?» አለች።

«ብረት።»

«በጨው?»

«በጨው፣ በከሰልም።»

«ያረቢ፣ ሰው ምን ይላል!»

ያለችው አልቀረም። ጎብዬ ገበያ ላይ «ቅሬውን ሊያፈርስ መተት ቀበረ፣ በዓይናችን አየን» ተባለ። አንዷማ ጨውን ስረጭ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታለች። የተንቀሳቀሰው የከሰሉ ብናኝ አፌ ውስጥ ገብቶብኝ ስተፋ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «አዎ ቀብሬያለሁ፤ ሚስቴን የሚነዝራት ጂን ጉድጓዱ ውስጥ ነው» እላለሁ። አሁንም በየጊዜው ውሃ አጠጣዋለሁ፤ እንዲህ ሳደርግ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

ቢሮው መስመሩን መልሶ ከቀጠለልን በኋላ መጀመሪያ አዲሱ ብሬከር የወረደው ባለቤቴ ምድጃውንም ካውያውንም አንድ ላይ ስትሰካ ነው። ቀጭ አለና ጨለመ። «ተበላሸ» አለች ደንግጣ። እኔ ደስ አለኝ። የቤቴ ሽቦ በዛብኝ ማለት ሲችል መስማቴ ነው። ካውያውን ነቀልን፣ አነሣነው፣ በራ።

ቅሬው ያለውን አደረገ። ሚስቴን ወጥ ሲሠራ የሚጠራት፣ ልጅ ሲወለድ የሚነግራት ጠፋ። ከወር በኋላ ታችኛው ቤት ያሉት ሽማግሌ ሞቱ። እኔን የጠራኝ የለም። አካፋዬን ይዤ ሄድኩ። ዳኛው መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሟል።

«አንተን ማን ጠራህ?»

«የሞቱት ጎረቤቴ ናቸው። ቅሬው አላውቅህም አለ እንጂ እኔ አላውቃችሁም አላልኩም።»

ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁና ቆፈርኩ። ማንም አላናገረኝም፤ አካፋውንም ማንም አልነጠቀኝም። ቆፍሬ ስጨርስ ወጣሁ፣ ልብሴን አራገፍኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያም ሌላ ሰው ሞተ፣ እንደገና ሄድኩ። የሚሞት ካለ እሄዳለሁ። ቢያውቁኝም ባያውቁኝም የዚህን ሰፈር መቃብር መቆፈር ከኔ አይወስዱብኝም።

የቀኝ ጎረቤታችን፣ አስም ያለበት፣ የራሱን ቆጣሪ አስገባ። ሽቦ የሚዘረጋለት ሲፈልግ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ «ያ የቆቦው ልጅ ስልኩ አለህ?» አለኝ። ሰጠሁት። «ብሬከሩን እንዳያዘልልህ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። ሌሎች ሁለት ቤቶችም ተከተሉት። ዳኛው አልጠየቀም፤ አማቹ በጄኔሬተር ነው የሚበይደው፤ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ቅሬው ስለኛ ያለውን እስካሁን አላነሣም። እኔም እንዲያነሣ አልለመንኩም፤ አልለምንም።

እናቴ አልጋዋን ወደ ቦታው መልሱልኝ አለች፤ ከዚያ ሆና በሩ ይታያታል። መለስነው። በቀደም ምሳ ሰዓት ሳበላት መዳፏን ዘርግታ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ብዙ አቆየችው።

«በረደ» አለች።

«ከበረደ ቆየ እኮ። ደስ አላለሽም?»

«ምኑ ደስ ይለኛል፣ የሚቀብረኝ አሳጥተኸኝ።» ጉርሻዋን እስክትውጥ ጠበቅኳት። «ኧረ በል አልሞትም። ምን ምርጫ ተውክልኝ?»

ባለቤቴ ጓሮ በር ላይ ኮንጎዋን ይዛ ሳቀች። አሁን አትክልቱ ውስጥ ጭቃ ስትረግጥበት ነው የምታደርገው።

«አትሙቺ» አልኳት እናቴን፤ ቀጣዩን ጠቀለልኩላት።